አራቱ ደምሰው

ሰባት ወር አልዘነበም። በቆሎው በቁሙ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ። ያን ጊዜ ሰው እንደ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ለሁለት እንዲከፈል ተፈቀደ። የተከፈለ ትንሽ ይበላል፤ አይሞትም። መንደሩ ተከፋፈለ፤ ቀብር ስለቀረ እድሩ ፈረሰ።

«ባለ ብዙ ሕዋስ ሆነን ተወልደናል፤ እንዲሁ እንሞታለን» ያሉት ወይዘሮ ትሁኔና ባላቸው ብቻ ነበሩ። ባልየው ሲሞቱ ትሁኔ አስከሬን የሚሸከም ሰው አጥተው ደጃፍ ተቀመጡ።

ጎረቤታቸው ደምሰው፣ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ አራት ሆኖ መጣ። አንዱን ጋቢ ለአራት ቀደው ለብሰውታል።

«የትኛው ነህ አንተ?»

«ሁላችንም ነን፣ እትዬ። ድሮ አባቴ በተላላፊ በሽታ ሲሞት ሰው ሁሉ ሸሸ፤ ጋሼ ባለቤትዎ ናቸው በጀርባቸው ተሸክመው የቀበሩልኝ። ብድር በምድር ነው።»

«ለቅሶውስ?»

አራቱ ተያዩ። «ስንከፈል እንባው ለየትኛችን እንደደረሰ አናውቅም።»

«በሉ አንሡ፤ ማልቀሱን ለእኔ ተዉት።»

አራቱም ቃሬዛውን ተሸከሙ፤ ቁመታቸው እኩል ነውና ትንሽ እንኳ አልዘመመም።