ስሙን አትጥሪብኝ

በምሠራበት ጤና ኬላ የወባ መመርመሪያው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ተቆጣጣሪዬ «እየጠየቅሽ መዝግቢ» ስላለኝ መዝገቤን ይዤ ቀበሌያችንን ቤት ለቤት ዞርኩ።

የእትዬ የሻረግ ልጅ ቁርበት ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል።

«ወባ ይሆን እንዴ?» አልኳቸው።

«ስሙን አትጥሪብኝ! ከተጠራ ከቤት አይወጣም» ብለው ተቆጡኝ። «ምች ነው የመታው። ዳማከሴ አሽቼዋለሁ፣ ይለቀዋል።»

ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርኩም፤ «ወባ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በሠላሳ ስምንት ቤት አንዱ ብርድ፣ ሌላው ትኩሳት አለኝ። ወባ ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጻፍኩም።

ዓርብ ተቆጣጣሪዬ በመኪና መጣና መዝገቡን አገላበጠ። «ጎበዝ! አንድም ወባ የለም» አለኝ። ጤና ኬላው የነበረውን የወባ ኪኒን በሙሉ ወባ ለበዛበት ቀበሌ ብሎ ጭኖ ሄደ። ከወር በፊት አይመለስም።

ቤቴ ስገባ እናቴ የሦስት ዓመት ልጄን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዳማከሴ ታሻታለች። የልጄ ጥርስ ይንገጫገጫል። ግንባሯን ስነካው እጄን አቃጠለኝ።

«ምች ነው አይደል?» አለች እናቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«አዎ እማዬ፣ ምች ነው» አልኳት። ዳማከሴውን ከእጇ ተቀብዬ ማሸት ጀመርኩ።