ሲስተር እስክትባል

«ቀስ በይ እንጂ፣ በሩን ልትገነጥዪው ነው!» ትላለች አክስቷ።

ለልጅቷ ግን ቀስ የምትልበት ሰዓት አይደለም። ከመጨረሻው የተግባር ፈተና በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ነጩን የነርስ ልብስ እንኳ አልቀየረችም። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አለፍኩ!»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!» አክስቷ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች። «ግቢና ለእናትሽ ንገሪያት። ዛሬ ደህና ናት። ጠዋት ‹ችኩሌ የት ሄደች?› ብላኛለች።»

ችኩሌ እሷ ናት። በሰባት ወሯ ስለተወለደች እናቷ ያወጣችላት ስም ነው። «ዘጠኝ ወር መታገስ ያቃታት ልጅ» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራባት ኖራለች። ዲግሪ ያለው ሰው የአራቱን ዓመት የነርስነት ትምህርት በዓመት ከመንፈቅ የሚጨርስበት የተፋጠነ ፕሮግራም እንዳለ የነገረቻት ቀንም፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነበር ያለቻት። ትንሽ ሰፍታ ደግሞ፣ «እስክትጨርሺ ሲስተር የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። የጨረስሽ ቀን ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ሲስተር ብዬ፣ አንቱ ብዬ ነው የምቀበልሽ» አለቻት።

እናቷ ያኔ መርሳት ጀምራ ነበር። መጀመሪያ መቀሷን ያስቀመጠችበትን፣ ቀጥሎ የደንበኞቿን ልክ፣ ኋላም ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ። በመግቢያው ቃለ መጠይቅ ላይ መምህራኑ «የጂኦግራፊ ዲግሪ ይዘሽ ነርስነት ምን አስመኘሽ? ይህን ያህልስ ምን አጣደፈሽ?» ሲሏት «ሙያውን ስለምወደው» ብላ መለሰች። ውሸት አልነበረም። ግን እናቷን በገዛ እጇ ማስታመም ትፈልግ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቷ ሳትረሳት መድረስ። በዚያ ሩጫ ውስጥ ታዲያ እናቷን የምታያት አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ሆነ።

እናትየው መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ያለችውን ቁራጭ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። የበሩን ድምፅ ስትሰማ ቀና ትላለች። ነጩን ልብስ ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ከዚያ የወንበሩን እጀታ ተደግፋ ትነሣለች።

«ይግቡ ሲስተር። ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

ተነሥታለች። ሲስተር ብላለች። አንቱ ብላለች። አንድም ሳታስቀር!

«አየሽ? አልረሳችም!» ትላለች አክስቷ እየሳቀች። ልጅቷ እናቷን እቅፍ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ደስታው አላስችላት ብሎ። «ጨረስኩ እኮ፣ እማ! ደረስኩ!»

እናቷ ቀስ ብላ ከእቅፏ ትወጣለች። የልጅቷን አንገትጌ ታስተካክልላታለች።

«አይ፣ እንዲህ አይሁኑ ሲስተር። ልብስዎ ይጨማደዳል።» ወደ በሩ አሻግራ ታያለች። «ልጄን መንገድ ላይ አላዩልኝም? እሷም እንደ እርስዎ ነርስነት ነው የምትማረው። ቶሎ አትመጣም። ስትመጣም አላገኛትም።»

የአክስቷ ሳቅ ፊቷ ላይ ይደርቃል። «እታለም፣ ምን ነካሽ? እሷ እኮ ናት፣ ልጅ...»

ልጅቷ በዓይኗ ትከለክላታለች። የሚረሳን ሰው መሟገት እንደሚያስደነግጠው ተምራለች፤ ተፈትናበታለች፣ ሙሉ ነጥብም አግኝታበታለች። አሮጊት ታካሚን፣ የማንም እናት ትሁን የማን፣ «እናቴ» ብሎ መጥራትንም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማሩት። ቤት ስትገባ ግን ሁልጊዜ «እማ» ነው የምትለው።

«ግፊቴን ሊለኩኝ ነው አይደል?» እናቷ ተቀምጣ እጅጌዋን ራሷ ትሰበስባለች። ልጅቷ ስትማር ልምምዷን ሁሉ የሠራችበት ክንድ ነው።

«አዎ» ትላለች። መለኪያውን ክንዷ ላይ ትጠመጥማለች። የእናቷ ጣቶች በዚህ መሀል የነጩን ልብስ ጎን አግኝተው ስፌቱን ወደ ላይ ወደ ታች ይዳብሳሉ። ልጅቷ በጥናት ስትከሳ ያጠበበችላት እናቷ ራሷ ናት።

«ይሄን ማን አጠበበልዎ?»

«አንዲት ልብስ ሰፊ።»

«እጇ ጥሩ ነው። ክር ግን ቆጥባለች። ቆንቋና ሳትሆን አትቀርም።»

ይስቃሉ፤ እናቷ ከልቧ፣ እሷ ዓይኗን መለኪያው ላይ ተክላ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ትሰካና መለኪያውን ትነፋለች። የሚሰማት የራሷ ልብ ብቻ ነው። አየሩን ታስወጣዋለች።

«ይቅርታ፣ ድጋሚ ልለካዎ። ልጅዎ... ምን ዓይነት ናት?»

«ችኩል! ገብታ ሳትቀመጥ ተመልሳ የምትወጣ።» እናቷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ጎበዝ ናት ግን። ለሷ አልነግራትም እንጂ፣ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ‹ልጄ ሲስተር ልትሆን ነው› እያልኩ አሰለቸው ነበር። ስትጨርስ ሲስተር ልላት ቃል ገብቻለሁ። እንዳይጠፋብኝ ለብቻዬ ስሆን እለማመደዋለሁ፤ ሲስተር፣ ሲስተር እያልኩ።»

መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ይደበዝዝባታል። ዓይኗን በትከሻዋ ትጠርጋለች። አክስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ካገኟት ይንገሩልኝ» ትላለች እናቷ። «አትቸኩል ይበሏት። እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም።»

ልጅቷ መለኪያውን ፈትታ፣ የእናቷን እጅጌ ዝቅ አድርጋ፣ ቁልፉን ትቆልፍላታለች። ሳትቸኩል።

«እሺ፣ እናቴ። እነግራታለሁ» ትላለች ሲስተር።