ሙሉ እምነት

ቡድኑ ዛሬም ተሸነፈ። የእንግሊዝ ኳስ ደጋፊ ደግሞ ሲቆጣ አይጣል ነው፤ «ሥራ አስኪያጁ ይውረድልን» እያለ የክለቡን በር ይደበድባል። ሥራ አስኪያጁ የቢሮውን መጋረጃ ዘግቶ ጥግ ይዟል፤ በላብ ተጠምቋል። እስከ ዛሬ በእሱ ፈንታ የሚባረሩት አሰልጣኞች ነበሩ። ሊያባርር ሲል ጋዜጠኞችን ሰብስቦ «በአሰልጣኛችን ሙሉ እምነት አለን» ይላል፤ በማግስቱ ሰውየውን ያሰናብታል።

ስልኩ ጮኸ። የክለቡ ባለቤት ናቸው።

«ጌታዬ፣ ሊገድሉኝ ነው።»

«አይዞህ፣ ፖሊስ ደርሷል፤ ይበትናቸዋል።»

ነፍሱ መለስ አለችለት።

«ለጋዜጠኞቹም ነግሬያቸዋለሁ» አሉ ባለቤቱ ለስለስ ብለው፤ «በሥራ አስኪያጄ ሙሉ እምነት አለኝ ብያቸዋለሁ።»

ከታች ጩኸቱ ረገበ። እሱ ግን የልጆቹን ፎቶ ከግድግዳው ያወርድ ጀመር።