የኮሌታ ጥሪ

ባሕር ማዶ ያሉት ሕጉን ያወጡት ለእኛ ክብር ብለው ነው አሉ። እሰይ! አሁን ማንም ሰው የሸሚዙን ኮሌታ ጫን ሲያደርግ የሰፋችለት ሴት ፊቷ ስልኩ ላይ ይመጣለታል። እሁድ የለ፣ በዓል የለ። ፈገግ ብላ ካልመጣች ግን በማግስቱ ማሽኗ ላይ ሌላ ሴት ትቀመጣለች።

ምንታምርና እኔ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን የምንኖር የስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ነን። እሁድ ጠዋት ምንታምር ግቢው ውስጥ የልጇን የፌቨንን ጸጉር በሳሙና እያሸች ሳለ ስልኳ ጮኸ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ አነሳችው።

ሸሚዙን እየሞከረ መስታወት ፊት የቆመ ጎረምሳ ነው። ደረቱን ነፍቶ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ።

«ስትሰፊው ደስ ብሎሽ ነበር?» አላት። ስልኩ ነው የሚተረጉመው።

«በጣም እንጂ፣ ጌታዬ!»

«እንግዲያው ልለብሰው እችላለሁ» አለና እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ጻድቅ! በዚያም አልበቃውም፤ ስለ ውሻው ሆድ ቁርጠት ያወራላት ጀመር።

«እግዜር ይማርልዎት» አለች ምንታምር፣ ፈገግታዋን ሳትቀንስ። ምን ታድርግ!

ከስንት ወሬ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ዞር ስንል ፌቨን እዚያው እንደቆመች ናት። ሳሙናው ገብቶ ዓይኗ ደም መስሏል፤ እንባዋ ይወርዳል። ትንንሽ ጥርሶቿን ግን ልክ እንደ እናቷ አግጥጣለች።

«እማ፣ ሰውዬው ዘጋ?» አለች። «አሁን ላልቅስ?»