የሦስተኛ ፎቅ የክስ ተውኔት

የተጣሉ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አንዱ ሌላውን ሆኖ ካልተወነ በቀር አቤቱታቸው እንዳይሰማ ከተደነገገ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጡረተኛው አቶ ዳምጠው ይህን እያወቁ ዓይነ ስውሯን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ዘቢደርን ከሰሱ። «በየማለዳው ደረጃውን በከዘራቸው እየቀጠቀጡ እንቅልፍ ነሱኝ» የሚል ነበር ክሱ።

እሑድ ነዋሪው ሁለቱ ወደሚኖሩበት ሦስተኛ ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ግርጌ ተሰበሰበ። የተውኔቱ አስተባባሪ መክሊት የአቶ ዳምጠውን ዓይን በሻሽ አስራ ከዘራ አስጨበጠቻቸው። አምስት ደረጃ እንደወጡ ከአንድ ነገር ጋር ተላትመው በቂጣቸው ቁጭ አሉ።

«የማን ጀሪካን ነው መንገድ ላይ የተገተረው?» አሉ ተቆጥተው።

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለች መክሊት። «እትዬ ዘቢደር ደረጃውን እየመቱ የሚወጡት እኮ ለዚህ ነው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዳምጠው ፊታቸውን የሚሸሽጉበት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ሻሹን ሳይፈቱ ቆዩ።

ተራው የወይዘሮ ዘቢደር ሆነ። ልክ እንደ አቶ ዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሰውዬው ሚስት የወይዘሮ አስካለ ድምፅ ወደተሰማበት ዞሩ።

«አስካለ፣ ደክሞሻል። ዛሬ ራቱን እኔ እሠራለሁ፤ አንቺ አረፍ በይ።»

«እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም» አሉ አቶ ዳምጠው።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ሠላሳ አንድ ዓመት።»

አቶ ዳምጠው ክሱን አነሡ፤ ጀሪካኑንም ቤት አስገቡ። ሰኞ ጠዋት ግን ወይዘሮ አስካለ ባላቸውን ከሰሱ። አሁን አቶ ዳምጠው ሚስታቸውን ሆነው ለመተወን ወጥ ቤት ገብተው ሽንኩርት እየከተፉ ይለማመዳሉ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው፣ «ምነው ራቱ ዘገየ?» የሚለውን ቃለ ተውኔት ያጠናሉ።