በኪሎ የተመረጠ ትምህርት

«አስቀምጡታ! ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት!»

የሚጮኹት ጋሽ ይማም ናቸው... ከወሎ መጥተው መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ፣ በርበሬ የሚነግዱት።

ልጃቸው ሒክማ ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንት የምትመርጥበት ሳምንት ነው። ቤቱ ተተራምሷል።

እሷ ጂኦሎጂ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች።

የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ሳሊህ፣ ደግሞ «ሕክምና!» ብለዋል። በዚያ ቤት እሳቸው ካሉ አለቀ።

(ደም ስታይ ዘጭ እንደምትል እያወቁ እኮ ነው! ወይ አጎት!)

«ጂኦሎጂ ምኑ ትምህርት ነው? ድንጋይ ለቀማ! ጎበዝ ልጅ ከባዱን ነው የምትማረው።»

«ከባዱ የቱ እንደሆነ በምን አወቁ ጋሼ? እኔ ሳልመዝን አላምንም» አሉ ጋሽ ይማም።

«መዝነዋ! ሕክምና ከተበለጠ ወላሂ ሁለተኛ አልናገርም!»

ጋሽ ሳሊህ ያስመጧቸው የሕክምና መጽሐፎች ሚዛኑ ላይ ወጡ... ይሄን የሚያካክሉ! ሚዛኑ ሲጥ አለ።

ጋሽ ይማም ወደ ጓዳ ገቡ። ቆየት ብለው ጂኦሎጂ ከሚማረው ጎረቤታቸው ከሽሻይ የተዋሱትን ቦርሳ እያቃሰቱ ጎትተው መጡ። መጽሐፍም አለው... ድንጋይም አለው።

«ድንጋይ አይቆጠርም!»

«የነሱ መጽሐፍ ድንጋይ ነው ጋሼ!»

ቦርሳው ሲወጣ ሕክምና አየር ላይ ተንጠለጠለ። አጎት ምለዋልና አፋቸውን ዘጉ።

ሒክማ እየዘለለች ከቦርሳው አንዲት ቀይ ድንጋይ አወጣች።

«ይቺ የዕድሌ ናት! ለሽሻይ አልመልስም!»

አባቷን ሳል ያዛቸው።

ከዚያማ ትምህርቱ ተጀመረ... ቀላል ነው ያላችሁ ሰዎች የት ናችሁ? ሒሳቡ፣ ኬሚስትሪው፣ በፀሐይ መዶሻ ይዞ ተራራ መውጣቱ... የሕክምና ተማሪዎች እንኳን አዘኑላት።

አንድ ቀን ቀይዋን ድንጋይ ክፍል ይዛ ገባች።

«መምህር ገብረሃንስ፣ ይሄ ምን ማዕድን ነው?»

መምህሩ አገላበጡት... አሰቡ... እንደ ሙያው ልማድ በምላሳቸው ላስ አደረጉት።

«እዋይይይ! ውሃ! ውሃ ኣምጡልኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ኣንቺ ልጅ... ይሄ በርበሬ ነው!»

ሒክማ ወደ አባቷ ሱቅ በረረች። የበርበሬው ጆንያ ላይ የተዘረጋው ሸራ ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጭኗል። ሁሉም እንደሷ ድንጋይ በበርበሬ ብናኝ ቀልተዋል። ቦርሳውን ያከበደው የሱቁ ድንጋይ ነበር!

«አባ... ሚዛን ሰረቅህ እንዴ?»

ጋሽ ይማም አቀረቀሩ። ገበያው ሁሉ በሚዛናቸው የሚምል ሰው ናቸው እኮ!

«ወላሂ ለአንድ ግራም ሰው አጭበርብሬ አላውቅም ልጄ... የዚያን ቀን ግን ፊትሽን ሳየው አላስቻለኝም።»

ቀና ብለው ጠየቋት።

«ለመሆኑ... ትምህርቱ ከባድ ነው?»

«በጣም ከባድ ነው አባ... ግን አይከብደኝም።»

«በርበሬው ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ወገን... ቀላል የሚባል ትምህርት የለም። የማይወዱትን ተሸክሞ መሄድ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ልጆቻችሁን «ከባዱን ምረጡ» ከማለታችሁ በፊት የሚወዱትን ጠይቋቸው።

እናንተስ? ዲፓርትመንታችሁን የመረጠላችሁ ማነው... ልባችሁ፣ አጎታችሁ ወይስ ሚዛን? ኮሜንት ላይ አውሩን... አጎትን ታግ ማድረግም ይቻላል 😄