አራት ክፍል ሙዚቃ

ባልየው ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ድምፅ ማጉያ ሲያስገጥም፣ ባለሙያው ማብሪያው ግድግዳ ላይ ይሁን ብሎ መክሮት ነበር። «የማይከዳህ እሱ ነው» አለው። ባልየው ግን በአፍ የሚታዘዘውን መረጠ። ሲያዙት የሚከፍት፣ ሲያዙት የሚዘጋ ዕቃ እያለ ማን ከግድግዳ ጋር ይታገላል?

ለጥቂት ቀናት ዓለሙን አየ። ጥርሱን እየቦረሸ ጨፈረ፤ ሽንኩርት እየከተፈ ጨፈረ።

ከዚያ ዕቃው አመል አወጣ። አማቱ በመጡ ቁጥር፣ ማንም ሳይነካው፣ ቤቱ በጭፈራ ዘፈን ይናጋል። በራሱ ጩኸት ስለሚደነቁር «ዝጋ» ቢሉት አይሰማም። ባልየው በየክፍሉ እየሮጠ በእጁ እስኪያጠፋው ድረስ አማቱ ደጅ ይቆያሉ። ደወል መጫን አይወዱም፤ ተጣርተው ይጠብቃሉ። ሲገቡ ላብ በላብ ሆነው ነው።

«ደረጃው ፈጀኝ» ይላሉ፣ ሊፍቱ ደህና ሆኖ ሳለ።

ሚስቱ መረራት። «እናቴን አንዴ ደግሞ እንዲህ ከተቀበልካት፣ ዕቃህ ወደ ሱቁ ይመለሳል።»

«የሚያደርጉት እኮ እሳቸው ናቸው» አለ ባልየው። «ጩኸት አልወድም ይሉ የለ? ቦርሳቸው ውስጥ ሪሞት ደብቀዋል።»

ሚስቱ አኮረፈችው። እሱም ባለሙያውን ጠራ።

ባለሙያው ሁሉንም ፈትቶ ገጠመ፤ እንከን አላገኘም። መሣሪያዎቹን ሲሰበስብ የአማትየው ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

«ልጄ፣ ክፈት!»

አራቱም ክፍል በአንድ ጊዜ ዘፈን ለቀቁ።

ባለሙያው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይኸው ሌባህ!» አለ እየጮኸ። «እሳቸው በሩን ይሉሃል፣ እሱ ዘፈኑን ይከፍታል። ግድግዳ ላይ ይሁን አላልኩህም?»

ባልየውም ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ። ምስኪን ሴትዮ፣ በሩን ብለው ነው ለካ። የግድግዳውን ማብሪያ ዛሬውኑ ግጠምልኝ ብሎ፣ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሮጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን ሳያጠፋ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

አማቱ ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሽከረከራሉ። የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ቀጥ አሉና ገላመጡት።

«በሩን ክፈት ማን አለህ?»